ሀብትነሽ በሕይወት ስለ መምጣቷ

ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.
ዋርካ ሜዳ፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ

በፍኖተ ሰላም ለሚገኙት ክቡር የክሊኒኮች ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መኪናዎም ደኅና እንደ ሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ትንፋሽዎን እጠይቃለሁ። ሰው ስለ ትንፋሹ የሚጠየቀው እምብዛም ስላልሆነ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አንድም ቀን እንዳይቆራረጥብዎት፣ ቢቆራረጥ ደግሞ እጁ ሥራውን የለመደ ሰው አጠገብዎ እንዲገኝ በየማለዳው እለምናለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከሀብትነሽ በቀር ሁላችንም እንተነፍሳለን።

እኔ በዋርካ ሜዳ ክሊኒክ ወለል የምጠርግ፣ አንሶላ የማጥብ፣ መርፌና መቀስ የምቀቅል ባንቺአየሁ ክንዱ ነኝ። ክቡርነትዎ ለጉብኝት በመጡ ቁጥር እጅዎን ሲታጠቡ ፎጣ የማቀብልዎ ሴት ነኝ፤ ፎጣውን እንጂ ፊቴን ያስታውሱታል ብዬ አልደፍርም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ለድቁና ሲማር ጥሎት ከሄደው የተቀደደ ገበታ ነው፤ ንባብ የለመድኩት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭና ከመድኃኒት ካርቶን ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እዚህም እዚያም የተጣፈ ቢመስልዎ ከጣፊዋ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

የምጽፈው ጸሐፊዎ ከፊቴ ላስቀመጡት ወረቀት መልስ ለመስጠት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ፣ ሀብትነሽ የተባለችው የገበሬው የእንዳለው ሚስት እባብ ነድፏት ኅዳር ፲፫ ቀን «በቤተሰቧ መዘግየት ምክንያት ሕይወቷ ካለፈ በኋላ ወደ ክሊኒኩ ደረሰች» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ለምስክር የተተወ ክፍት ቦታ አለ። ቦታው ለአውራ ጣቴ ነው፤ እስከ ገና ድረስ መጥቼ እንዳትም ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በአጥቢያ ዳኛው ፊት ለባልየው ይነበብለታል ተብሏል።

ሀብትነሽ ግን በሕይወት ነው የመጣችው።

ይህን ለመናገር ከላይ ያለው አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ወደ ክቡር ሰው ደጅ አንድ መስመር ይዞ መምጣት ባዶ እጅን እንደ መምጣት ስለሚቆጠር፣ እርስዎ ለክሊኒካችን ላደረጉት ሁሉ ያለኝን ምስጋና በቁጥር አድርጌ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

አምና በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ቆመው ለገበሬው ሁሉ ተናገሩ። እባብ የነደፈው ሰው ሥር ማሽ ፍለጋ እንዳይንከራተት፣ ቁስሉን በምላጭ እንዳያስበጣ፣ ሰዓት ሳያባክን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ እንዲመጣ መከሩን። መልካም ምክር ነበር፤ ዛሬም መልካም ምክር ነው እላለሁ። እንዳለው በዚያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ይሰማ ነበር። አንዳንድ ሰው ንግግርዎን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ረሳው፤ እንዳለው አልረሳውም።

ኅዳር ፲፫፣ የሚካኤል ማግስት፣ ባልና ሚስት ዳጉሳ ያጭዱ ነበር። ሀብትነሽ ነዶውን ለማሰር አቅፋ ስታነሣ ከሥሩ የነበረው ጥቁር እባብ ቁርጭምጭሚቷን ነደፋት። ጊዜው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። አማቷ ሥር ማሹን እንጥራ፣ ቤቱ እዚሁ ከጉድባው ማዶ ነው፣ ብለው ለመኑ። እንዳለው ግን «እማማ፣ ሹሙ ከድንጋዩ ላይ ሆነው ያሉትን ረሱት? ወደ ሐኪም ነው» ብሎ ሁለት አጣና በጋቢ ቋጥሮ ቃሬዛ አበጀ፤ ጎረቤቱም ተረባርቦ እየተቀባበለ ተሸከማት። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲል ከግቢያችን ገቡ። ሰዓቱን የማውቀው በየማለዳው የግድግዳውን ሰዓት የምሞላው እኔ ስለ ሆንኩ ነው።

ከቃሬዛው ሳወርዳት የዓይኗ ቆብ ወድቆ ነበር፤ ለሀጯ በአገጯ ላይ ይወርዳል፤ ምላሷ ተሳስሯል። ደረቷ ግን ይነሣል፣ ይወድቃል። ሸማዬን ይዛ ወደ እሷ ሳበችኝና ዳር ዳሩ በማይሰማ ድምፅ «እትዬ፣ ቀሚሴን ወደ ታች ሳቢልኝ፤ ወንድ በዝቷል» አለችኝ። ሳብኩላት።

ክቡር ሆይ፣ የሞተ ሰው ቀሚሴን ሳቡልኝ አይልም።

ሁለተኛ፤ ስለ አዲሱ ሳጥን አመሰግናለሁ።

ድሮ በክሊኒካችን አቶ ገብረሰንበት የሚባሉ የጤና መኮንን ነበሩ። እርጅና የጀመራቸው፣ ቁጡ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው ናቸው። አንድ የጎማ ከረጢት ነበራቸው፤ በጫፉ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን የጎማ ጭምብል አለው። ሲጨምቁት ከረጢቱ ወደ ታማሚው ሳንባ አየር ይነፋል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይሞላል። የቀጥቃጭን ወናፍ ስለሚመስል ወናፉ እንለው ነበር። በዚያ ወናፍ ሲወለዱ ያላለቀሱ ሁለት ሕፃናት አለቀሱ። አያ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌም ጎርፍ ወስዷቸው ከወንዝ ሲወጡ ትንፋሽ ያልነበራቸው፣ በዚያው ወናፍ ተነፍተው ተነሡ፤ ዛሬም አሉ፣ ዛሬም ከሰው ጋር ይጣላሉ።

ጎማው በተቀደደ ጊዜ ቡሬ ድረስ ወስጄ ከብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቀይ ጎማ አስለጠፍኩበት። ዓይን የማይሞላ መሆኑን አልክድም። ክቡርነትዎ ለጉብኝት መጥተው ያንን ቀይ ጥፍ ባዩ ጊዜ ስለ ክሊኒካችን ክብር አፈሩልን፤ ወናፉም እንዲወሰድልን አዘዙ። በምትኩ ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን ላኩልን። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ላም ምላስ የጎበጡ ሦስት የሚያበሩ ብረቶች፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ረጃጅም የጎማ ቱቦዎችና አንድ እጀታ ነበሩ። ብረቱ ምላስ ወደ ላይ ያነሣል፤ ከጫፉ ያለችው አምፖል ጉሮሮን ታበራለች፤ ቱቦውም ወደ ሳንባ በሚወስደው ቧንቧ ይገባል። የእጀታው የባትሪ ድንጋይና ከቱቦው ጫፍ የሚገጠመው አዲሱ ወናፍ ተከትለው ይመጣሉ ተባለ። እስካሁን እየተከተሉ ነው።

በዚያው ወር አቶ ገብረሰንበትን ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሯቸው። አሮጌው ሰውና አሮጌው ወናፍ በአንድ መኪና ሄዱ።

ሦስተኛ፤ ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ።

በአቶ ገብረሰንበት ቦታ ተስፋው የሚባል ድሬሰር ላኩልን። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ስምንት ወር ተምሮ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የወባ ክኒን ያድላል፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በንጹሕ እጅና በቅን ልብ ያደርጋል። ከእርስዎ ዘንድ የመጣው መመሪያ ትንፋሹ የቆመ ሰው ቢያጋጥም ከማናቸውም ነገር በፊት ቱቦው እንዲገባ ያዝዛል፤ የቀድሞው ዘዴ መቅረቱንም ያስታውቃል። ተስፋው ያንን ቱቦ በሰው ጉሮሮ ሲገባ አንድም ቀን አላየም። ሁለት ጊዜ አሠልጥኑኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ለሁለተኛው መልስ መጣለት፤ መሣሪያውን በንጽሕና እንዲይዝ የሚል ነበር። በንጽሕና ያዝነው። በየሳምንቱ እየቀቀልኩ፣ እያደረቅሁ፣ ወደ ከፋዩ እየመለስኩ ያኖርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ ይህ የእኔ ኃጢአት ስለ ሆነ ቁጥር አልሰጠውም። አቶ ገብረሰንበት ከሕሙማኑ አልጋ በላይ በነበረው ግድግዳ ላይ በከሰል እንዲህ ብለው ጽፈው ነበር፦ «አንገቱን ቀና አድርግ። አገጩን ወደ ላይ ሳብ። ጭምብሉን አጥብቀህ ግጠም። ደረቱን እይ፤ ደረት ከተነሣ ደግ ነው፣ ሆድ ከተነሣ ተሳስተሃል። ወናፍ ከሌለህ አፍ አለህ።» በተቀደደ ጋዜጣ ንባብ ለለመደ ሰው ይህ እንደ ዳዊት ነበር፤ ወለል ስጠርግ እያነበብኩ በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ለጉብኝት የሚመጡበት ቀን ተነገረንና ግድግዳው በከሰል የተዥጎረጎረ ሆኖ እንዳያገኙት ኖራ እንዲቀባ ታዘዘ። የቀባሁት እኔ ነኝ። ከመቅባቴ በፊት ቃሉን በፔኒሲሊን ካርቶን ጀርባ ገለበጥኩና ከመቀነቴ ሥር ሸሸግሁት። ለተስፋው አላሳየሁትም። የምትጠርግ ሴት ለተማረ ሰው ካርቶን ማቀበል ከየት አምጥታ ነው? እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር ሙሉ ያንን ካርቶን ይዤው ዞርኩ።

አራተኛ፤ ስለዚያች ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናው ትንሽ ቢደናቀፍብኝ ይታገሡኝ።

ሀብትነሽን አልጋው ላይ ካስተኛናት በኋላ ትንፋሿ እየሳሳ ሄደ። ተስፋው መርፌ ወጋት፤ ለዚያ መርዝ የሚሆን መድኃኒት ግን አልነበረንም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረቷ ቆመ። ተስፋው አንገቷን ዳስሶ «የደም ሥሯ ይመታል፤ ልቧ አለ» አለ። እኔም እጄን አስቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ጫጩት ልብ ይመታ ነበር። የቀራት ትንፋሽ ብቻ ነበር። መርዙ እስኪለቃት የሚነፋላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

ተስፋው መመሪያውን ያከብር ነበርና ሳጥኑን ከፈተ። የባትሪ ድንጋይ ስላልነበረ እኔ የራሱን የጢም መላጫ መስተዋት ይዤ ከመስኮቱ የገባውን ፀሐይ ወደ አፏ መለስኩለት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቀን ብርሃኑ እኔ ነበርኩ፤ ያየሁትን ሁሉ በብርሃን ነው ያየሁት።

ብረቱን አስገብቶ ምላሷን ለማንሣት ታገለ። የፊት ጥርሷ ተሰበረ። ቱቦውን አስገባና ወናፍ ስለሌለው በጫፉ በኩል በአፉ ነፋ። ከበር ላይ እንዳለው «ሐኪም፣ ተነፈሰች ወይ?» ሲል ተስፋው ፊቱን ሳያዞር «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ታገሠኝ ወንድሜ» ይለዋል። ከእንዳለው ትከሻ በላይ ደግሞ አያ አድማሴ አንገታቸውን አስገብተው «እናንተ ልጆች፣ እኔን የነፋችሁበት ወናፍ የታለ? እኔን ሽማግሌውን አንሥቶ ለዚች ለጋ ይጠፋል?» አሉ።

ቱቦውን አወጣው፤ ደግሞ አስገባው። በዚህ መካከል ማንም አልነፋላትም። ሁለተኛውን ሲነፋ የተነሣው ደረቷ አልነበረም። ሆዷ ነበር። መቀነቷን እየገፋ ከፍ ሲል በግልጽ አየሁት፤ ግድግዳው በኖራው ሥር ሆኖ «ተሳስተሃል» ሲል ሰማሁት። አፌን ከፈትኩና «ሆዷ» አልኩ፤ በእኔ ድምፅ ማለት፣ ድስት እንዳይገነፍል ለራስ በሚነገርበት ድምፅ። ተስፋው ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ቀና ብሎ «ምን አልሽ እትዬ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት እርስዎ «ምንም» የሚሉበት ማኅተም ያለው ወረቀት ያለዎት መሆኑ ብቻ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ቱቦውን ሲያወጣ የደም ሥሯ ጠፋ። ከዚያ በሁለት መዳፉ ደረቷን ይጫን ጀመር፤ ትንሽ ተጭኖ ደግሞ ያቆምና ወደ ጉሮሮዋ ይመለሳል፤ መመሪያው ቱቦው ከሁሉ ይቅደም ይላልና። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ቱቦውን በእጁ እንደ ያዘ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ግድግዳው «ወናፍ ከሌለህ አፍ አለህ» ብሎ ነበር። ተስፋው ይህን ቢያውቅ እንኳ፣ በባሏ ፊት፣ ሸንጎ በሚያክል ሰው ፊት፣ አፉን ከሰው ሚስት አፍ ላይ ማኖር በአገራችን እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ክቡርነትዎም ያውቁታል። እኔ ግን ሴት ነኝ። የእኔ አፍ ከእሷ አፍ ቢገጥም ነውር የሚለው ሰው አልነበረም። መስተዋት ይዤ ቆሜ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ለምስክርነት ተጠርቼ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ከጧት እስከ ስምንት ሰዓት አስቀመጡኝ፤ በዚህም አልተከፋሁም፤ በሕይወቴ ያን ያህል ቁጭ ብዬ አላውቅምና። ከፊት ለፊቴ የመስታወት ቁም ሣጥን ነበር። በላይኛው መደርደሪያ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ወናፋችን ተቀምጧል። ቀይ ጥፉን ከሩቅ ለየሁት፤ የቡሬው ጠጋኝ ጠርዙን እንዴት አጣሞ እንደ ቆረጠው ሳይቀር። ከአጠገቡ ባለች ካርድ «ቀድሞ ይሠራበት የነበረ የመተንፈሻ መሣሪያ» የሚል በጥሩ እጅ ተጽፏል። ተነሥቼ መስታወቱን በመዳፌ ነካሁት፤ ተቆልፏል። እጄ ያረፈበትን በሸማዬ ጠርጌ ተመለስኩ፤ ሥራዬ ነውና።

ከዚያ ጸሐፊዎ አስገቡኝ። «እማማ፣ ነይ እስቲ፣ ጣትሽን ስጪኝ» ብለው የቀለሙን ሣጥን ወደ እኔ ገፉ። ፊደል እለይ እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ መጠየቅ ጊዜ ያባክናል። ወረቀቱን ግን አነበቡልኝ፤ ቸርነታቸውን አልረሳውም። ሲያነቡ ታማሚዋ በሚያሳዝን ሁኔታ አረፈች የሚል ብቻ ነበር። ወረቀቱ በእሳቸው በኩል ቀንቶ፣ በእኔ በኩል ተዘቅዝቆ ነበር። በስኳር መጠቅለያ ንባብ የተማረ ሰው ደግሞ ጽሑፍ ተዘቅዝቆም፣ ተጎንብሶም፣ ታጥፎም ያነብባል፤ ባለ ሱቁ ፊደሉን አቅንቶ አይጠቀልልምና። «በቤተሰቧ መዘግየት ምክንያት» የሚለውን አየሁ። «ሕይወቷ ካለፈ በኋላ» የሚለውን አየሁ። የተስፋውንም ፊርማ ከሥሩ አየሁ። አልፈርድበትም። ፈርም፣ ነገሩ ይዘጋል፣ ሥራህም አይነካም ብለውታል፤ የሚጦራት እናት አለችው። ጣቴን በረኪና በልቶታል፣ ሲሽር እመጣለሁ፣ ብዬ ወጣሁ። የተናገርኩት ውሸት ያ ብቻ ነው፤ ጾመ ነቢያት ነበርና ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ስድስተኛ፤ ስድስተኛው ምስጋና አይደለም።

እንዳለው በየቅዳሜው ወደ ማንኩሳ ገበያ ሲወርድ አህያውን ከክሊኒኩ አጥር ላይ ያስራል። ለሕክምና አይመጣም። ልብስ ከማሰጣበት መጥቶ ይቆምና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል፤ «እትዬ ባንቺ፣ ዘገየሁ?» ይለኛል። አልዘገየህም እለዋለሁ። ደግሞም «ወንዙ ላይ ቃሬዛውን አንድ ጊዜ አውርደነው ነበር፤ እጅ ለመቀያየር፤ አንድ ጊዜ ብቻ» ይለኛል። እሱም ምንም አይደል እለዋለሁ። አህያውን ፈትቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣና እንደገና ይጠይቀኛል፤ እንደ አዲስ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ «ሥር ማሹ ቅርብ ነበር» አለኝ።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የቀረው ነገር የእኔ «አልዘገየህም» ማለት ነው። ያ ወረቀት በዳኛው ፊት ሲነበብለት፣ ከግርጌው የእኔ አውራ ጣት እንዳለበት ሲነገረው፣ ያቺ ቃሬዛ ከወንዙ ዳር ያረፈችባት ቅጽበት ዕድሜ ልኩን ከላዩ ላይ አትወርድም። የመከሩትን የሰማ፣ ያዘዙትን የፈጸመ፣ ሚስቱን በትከሻው እየሮጠ ያደረሰልዎ ሰው ነው። ምክርዎን ከሰሙት ሁሉ አንደኛው ታማኝዎ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በወረቀት እንድወጋልዎ በመመረጤ ክብር ይሰማኛል፤ ነገር ግን ክብሩ ከጣቴ በላይ ነው፤ አላትምም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም። እውነት ነው። በዚያች ቀን መጮህ ሲገባኝ ሹክ አልኩ። ሆኖም ጅቡ አሁንም በመንደራችን ዙሪያ ነው፤ የዳጉሳው አጨዳ አላለቀም፣ ከዳጉሳው በኋላ ደግሞ ክረምቱና ወንዙ አለ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው። ወናፉን ከመስታወቱ አውጥተው ይመልሱልን፤ ጥፉ ዓይን የሚያስቀይም ከሆነ እኔ የጨርቅ ሽፋን እሰፋለታለሁ። ሳጥኑን እጁ ለተማረ ሰው ይስጡት፤ ቱቦው በሚያውቀው ሰው እጅ ሕይወት እንደሚሰጥ አቶ ገብረሰንበት ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ ለለጋ እጅ ግን ቀላሉ ይቅደም፣ አንገት ማቅናት፣ ጭምብል ማጥበቅ፣ ደረት ማየት፣ ይሉ ነበር። አቶ ገብረሰንበትን ለአንድ ሳምንት እንኳ ቢያውሱን ተስፋውን ያስተምሩታል። እስከዚያ ድረስ የሚያስተምረው ካርቶኑ ነው። ከፍኖተ ሰላም በተመለስኩ ማታ ካርቶኑን ከመቀነቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «እትዬ፣ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?» አለኝ። ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ከሥራ በኋላ ጭድ በሞላ ስልቻ ላይ አንገት ማቅናት እንለማመዳለን፤ እሱ ይይዛል፣ እኔ ከጎን ሆኜ እናገራለሁ፤ ሲሳሳት ተሳስተሃል እለዋለሁ። ድምፄ ገና ነው፤ እየለመደ ይሄዳል።

ያንን ወረቀትም ይቅደዱት። ሌላ ይጻፍ፤ በሕይወት መጣች፣ ባሏ አልዘገየም፣ እኛ አልቻልንም፣ የሚል። ለዚያኛው ጣት ሳይሆን ፊርማ አለኝ።

መተላለፊያዎን የጠረገች ባትሆንም መስታወትዎን የጠረገች፣ ፎጣ ያቀበለችዎ፣ ወደ ፊትም ብትታዘዝ የማታቅማማ፣ ትንፋሽዎ ረጅም እንዲሆን ከልቧ የምትመኝ፣ በራሷ እጅ የጻፈችና በራሷ እጅ የፈረመች፣

ባንቺአየሁ ክንዱ
የዋርካ ሜዳ ክሊኒክ ጠራጊ

ተጨማሪ፦ ኖራውን ትናንት በቢላዋ ፍቄዋለሁ። ከሰል ክፉ ነው፤ ከሥር ሆኖ ጠበቀኝ፤ ፊደሉ ከሞላ ጎደል አለ፣ የጎደለውን ከካርቶኑ አሟልቻለሁ። ዘንድሮም እንደሚጎበኙን ተስፋ አለን። የሚመጡበትን ቀን ግን እባክዎ አስቀድመው አያስታውቁን፤ ሲያስታውቁን ኖራ እንቀባለን።

ግልባጭ፦
ለክሊኒኩ በር (ከዛሬ ጧት ጀምሮ ተለጥፏል)
ለአጥቢያ ዳኛው
ለአቶ ገብረሰንበት፣ ባሉበት
ለአቶ እንዳለው፤ ማንበብ ስለማይችል በመጪው ቅዳሜ አህያውን ሲያስር፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ እኔ ራሴ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።